እንግሊዝኛ ስንማርም ስናስተምርም የምንሰራቸው ስህተቶች (የኔም አሉበት)

የተወሰነ አመት ዩኒቨርስቲ ውስጥ የፍሬሽማን እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ፣ እና በየአመቱ የማየው ነገር አንድ አይነት ነው። ልጁ ቢያንስ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውንም ፊዚክሱንም በእንግሊዝኛ ሲማር ኖሮ ካምፓስ ይገባል፣ ከዛ "ስምህ ማነው" ከሚለው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ላይ ላብ ያጠምቀዋል። ሰነፍ ሆኖ እንዳይመስላችሁ። ያየሁትን እንደመጣልኝ ልጻፈው፣ የተማሪውንም የአስተማሪውንም፣ ቅደም ተከተል አትጠብቁ።

ሁሌ ከቴንስ መጀመር። ክረምት በመጣ ቁጥር አዲስ ደብተር ይገዛል፣ ሲምፕል ፕረዘንት ተብሎ በቀይ እስክሪብቶ ይሰመርበታል፣ ፕረዘንት ፐርፌክት ላይ ሲደረስ መስከረም ይጠባል፣ በሚቀጥለው ክረምት እንደገና ከሲምፕል ፕረዘንት። 12ቱንም ቴንስ ከነቀመሩ ሰሌዳ ላይ የሚደረድር ተማሪ ነበረኝ፣ ትላንት ምን ስትሰራ ዋልክ ስለው ግን ፈገግ ብሎ ጣራ ጣራውን ያያል። ደብተሩን ከገዛችሁ አይቀር በየቀኑ ማታ የዋላችሁትን አምስት መስመር ጻፉበት፣ ፓስት ቴንስ እዛ ውስጥ ሳትፈልጉት ይመጣል።

ቃል በቃል መገልበጥ። ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም በጣም ነው የምወደው። አንድ ቀን ክፍል ለማየት የመጣ የውጭ ሀገር መምህር ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ መሀል ላይ አንዱ ተማሪ ብድግ ብሎ "ቲቸር፣ አይ ኬም" አለና በሩን ከፍቶ ወጣ። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ እንግዳው ቀስ ብሎ "ከየት ነው የመጣው?" አለኝ። ልጁ እኮ "መጣሁ" ማለቱ ነው፣ ሽንት ቤት ደርሶ ሊመለስ። እኛ ስንሄድ መጣሁ እንላለን፣ ይሄን ለፈረንጅ ለማስረዳት ሞክሩ እስኪ። "ጠፋህ እኮ" ደግሞ "ዩ ሎስት" ይሆናል፣ "ከአጎቴ ጋር ስንጫወት አመሸን" ደግሞ "ዊ ፕለይድ ኦል ናይት" ተብሎ ይጻፋል፣ አጎትየው የ60 አመት ሰው ናቸው፣ ሌሊቱን ሙሉ ኳስ ሲራገጡ ያደሩ ይመስላል።

ከቃል አልፎ ሰዋስው ላይም አለ። "ትላንት የገዛሁት መጽሐፍ" ስንል መጨረሻው ላይ ያለችው "ት" መጽሐፉን ነው የምትጠቁመው፣ ስለዚህ ተማሪው "ዘ ቡክ ዊች አይ ቦውት ኢት" ብሎ ሲጽፍ ያቺን "ት" ይዟት ነው የተሻገረው፣ በአማርኛው ህግ ትክክል ነው። ተማሪ በሚያውቀውና በሚማረው ቋንቋ መሀል የራሱ ህግ ያለው ሌላ ቋንቋ ይሰራል ብሎ ላሪ ሰሊንከር የሚባል የቋንቋ ተመራማሪ በ1972 እ.ኤ.አ ጽፎበታል፣ ኢንተርላንጉጅ ይለዋል። አስተማሪ ይሄን አንዴ ከገባው ስህተቱን ሲያይ መናደዱን ትቶ ከየት እንደመጣ መፈለግ ይጀምራል፣ ቢያንስ እኔ እንደዛ ነው የሆንኩት።

ስለዚህ ክፍል ውስጥ አማርኛ የተናገረ ይቀጣል የሚለው ነገር አይገባኝም፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማሳየት የአስር ደቂቃ ስራ ነው። ግን እዚህ ጋ የራሴን ስህተት ልናገር፦ አንድ ሴሚስተር ሙሉ በአማርኛ ምሳሌ እያብራራሁ ከርሜ በኋላ ነው ግማሹ ክፍል አፉን የፈታው በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ፣ በሲዳምኛ እንደሆነ ትዝ ያለኝ። ለነሱ አማርኛዬ ራሱ ሌላ ትርጉም የሚፈልግ ነገር ነበር። አሁን "በናንተ ቋንቋ እንዴት ትሉታላችሁ?" ብዬ ነው የምጀምረው።

ሳቅ። በዚህ ነገር እናደዳለሁ። አንዲት ከገጠር የመጣች ልጅ "ፒፕል" ለማለት "ቢብል" አለች፣ አማርኛ ላይ "ፕ" የምትመጣው በአብዛኛው በውሰት ቃል ነው፣ ስለዚህ ወደ "ብ" ብትሄድ ምንም አይገርምም። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ እኔም ሳላስበው ፈገግ አልኩ፣ ልጅቷ አይታኛለች። ሴሚስተሩ እስኪያልቅ ድምጿን አልሰማሁም፣ ፈተናው ላይ ግን ጥሩ ነው የሰራችው። የሚገርመው ፈረንጅ የሚጠብቀውንና የሚላላውን "ገና" ሳይለይ የበዓሉን ገና ከ"ገና ነኝ" ጋር ሲያምታታ እናጨበጭብለታለን፣ ጎበዝ አማርኛ ትችላለህ እንለዋለን። ለራሳችን ልጅ ሲሆን ያቺ ጭብጨባ የት እንደምትገባ እንጃ። ደግሞ ስለ አክሰንት ብዙ አትጨነቁ፣ "እስፖርት" ብትሉ ማንም ይረዳችኋል። የሚያምታታውን ብቻ ለዩ፣ ለምሳሌ ረዥሙን "ኢ" ከአጭሩ ካልለያችሁ መርከብና በግ (ship እና sheep) አንድ ይሆናሉ።

ዲክሽነሪ ከ"ኤ" ጀምሮ መሸምደድ። በቃ ተዉት። ለካምፓስ ንባብ የሚሆን ተለቅሞ ያለቀ ዝርዝር አለ፣ አቬሪል ኮክስሄድ የምትባል የኒውዚላንድ ተመራማሪ በ2000 እ.ኤ.አ ያወጣችው፣ 570 የቃል ቤተሰብ (አንድ ቃል ከነእርባታዎቹ) ነው ያለው፣ የአካዳሚክ ጽሁፍን 10 ፐርሰንት ገደማ ይሸፍናል። በቀን አምስት ብትይዙ በ4 ወር ውስጥ ታልቃለች። ግን አንዴ አይቶ ማለፍ አይሰራም፣ ነገ፣ ከሶስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ እዩት። አንኪ የሚባለው አፕ ይሄንኑ ነው የሚሰራላችሁ፣ ስልክ ካልተመቸ ቆራርጣችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት።

በ3 ወር አቀላጥፎ መናገር የሚለው ማስታወቂያ… እለፉት።

አሁን ወደ አስተማሪው። ሂሳቧን ስሩ፦ ክፍሉ 60 ተማሪ፣ ፔሬዱ 50 ደቂቃ። አስተማሪው አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ሰአቱን እኩል ቢያካፍል እንኳን ለአንድ ተማሪ 50 ሰከንድ ነው የሚደርሰው፣ እኛ ደግሞ 40ውን ደቂቃ ራሳችን ነው የምናወራው፣ ከዛ ተማሪዎቹ አይናገሩም ብለን ስታፍ ክበብ ቁጭ ብለን እናማርራለን። ግሩፕ ወርክ ሲባል ደግሞ አምስት አምስት ሆነው ይቀመጡና አንዱ ይሰራል፣ አራቱ ስማቸውን ያጽፋሉ። ሁለት ሁለት ሲሆኑ ግን መደበቂያ የለም፣ አንደኛው ዝም ካለ ወዲያው ይታወቃል። ክፍሉ ይንጫጫል፣ ይንጫጫ፣ ጎረቤት ክፍል ያለው መምህር ሁለቴ መጥቶ አንኳክቶብኛል።

እና ለመስማት ብቻ መኖር። "ፊልም በጣም አያለሁ፣ ይገባኛል፣ መናገር ነው ያቃተኝ" የማይለኝ ተማሪ የለም። ካናዳ ውስጥ ትምህርታቸውን ለአመታት በፈረንሳይኛ የተከታተሉ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች ላይ ሜሪል ስዌይን የምትባል ተመራማሪ ያየችው ይህንኑ ነው፦ ሲሰሙ በደንብ ይረዳሉ፣ ሲናገሩና ሲጽፉ ግን ሰዋስዉ ገና አልተስተካከለም። በ1985 እ.ኤ.አ የጻፈችው ነገር ባጭሩ አፍን ማስገደድ ያስፈልጋል ነው፣ ሰው ሊናገር ሲል ነው የጎደለው የሚታየው። ያ ላብ የሚያጠምቀው የፍሬሽማን ልጅም እንደዛ ነው፣ አራት አመት ሰማ፣ ገለበጠ፣ ተፈተነ፣ ማንም ግን አላናገረውም።

ክፍል ውስጥ የማይሞላውን ውጪ መሙላት ነው እንግዲህ፣ ለዛ ደግሞ ፈረንጅ ጓደኛ አያስፈልግም። ሁለት የዶርም ልጆች አንድ ህግ አወጡ፣ ከዶርም እስከ ካፌ እንግሊዝኛ ብቻ፣ ሲመለሱ የፈለጉትን። እንዴት ሆነላችሁ ብዬ ስጠይቃቸው የመጀመሪያውን ሳምንት ሲሄዱ ዝም ብለው እንደሄዱ፣ ሲመለሱ ደግሞ መንገዱን ሙሉ ሲሄዱ ሊሉት ፈልገው ያቃታቸውን በአማርኛ እያወሩ እንደተመለሱ ነገሩኝ።