ነዳጅ ሲጠፋ መንግስት ምን ማዘዝ ይችላል፣ እኛስ ማደያ ላይ ምን እናድርግ (ለደሴና ኮምቦልቻ ሰው)

ነዳጅ በጠፋ ቁጥር ማደያ በር ላይ የምትሰሙት መልስ አንድ ነው፣ "ከላይ የመጣ ትዛዝ ነው"። ማን አዘዘ፣ በየትኛው ህግ፣ እስከመቼ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም፣ ሁሉም ዝም ብሎ ወረፋውን ይይዛል። እኔ ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ነው የምሰራው፣ ሐረጎን በቀን ስንቴ ወጥቼ እንደምወርድ እኔ ነኝ የማውቀው፣ ነዳጅ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጎድለው የኔ ቤት መሶብ ነው። ስለዚ እየጠየኩ፣ አዋጅ እያገላበጥኩ የደረስኩበትን ልንገራችሁ፣ ባጃጅ የምትነዱም ወፍጮ ያላችሁም ይጠቅማችኋል።

መጀመሪያ ትዛዙ የምን ትዛዝ እንደሆነ ለዩ። ዋጋ ነው? ኮታ ነው ማለትም ማን ይቅደም ማን ስንት ሊትር ይቅዳ? ወይስ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነው? ሶስቱ ከተለያየ ቤት ነው የሚወጡት፣ አቤቱታውም ወደተለያየ ቤት ነው የሚሄደው፣ ብዙ ሰው ግን ደባልቆ ይይዘውና የማይመለከተው ቢሮ በር ላይ ቀኑን ያቃጥላል።

ዋጋውን የሚወስነው ንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ነው። ነዳጁን ከውጪ የሚገዛው ደግሞ የመንግስት ድርጅት ነው፣ በጅቡቲ ነው የሚገባው፣ ቦቴው በጋላፊ አድርጎ ሚሌ ላይ ወደ ባቲ ታጥፎ ኮምቦልቻ ይደርሳል፣ የትራንስፖርቱ ወጪ ዋጋው ውስጥ ስለሚገባ በየከተማው ይለያያል። እና ቲቪ ላይ የሰማችሁትን የአዲስ አበባ ዋጋ ይዛችሁ ቀጂውን አትጣሉት፣ ለደሴ የወጣው የደሴ፣ ለኮምቦልቻ የወጣው የኮምቦልቻ ነው፣ ዝርዝሩን ንግድና ገበያ ልማት መምሪያ ሄዳችሁ ጠይቁና በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ከዛ ዋጋ በላይ አንድ ብር እንኳን የመጨመር ስልጣን ቀበሌም፣ ከተማ አስተዳደርም፣ የማደያ ባለቤትም የለውም። እጥረት ስላለ ነው፣ ቦቴው ስለዘገየ ነው፣ ለጥበቃ ነው የሚሉት ነገር አይሰራም።

ዋጋ ሊጨምር ነው ተብሎ ሲወራ ያሉትን ቀናት በጣም ጠንቀቅ በሉ። አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን ሰኔ 2014 ላይ 36 ብር ከ87 ነበር፣ ሐምሌ ላይ 47 ብር ከ83 ገባ፣ 2017 ላይ ደግሞ 100 ብርን አለፈ። እንዲህ የሚዘል ከሆነ ታንከር ሙሉ ነዳጅ ያለው ሰው "አልቋል" ብሎ አንድ ሌሊት ቢያሳድረው ምን ያህል እንደሚያተርፍ እናንተው አስሉት። አንዴ አንድ ማደያ ከሰአት ቦቴ ሲያራግፍ በአይኔ አይቼ ማታ አልቋል ተባልኩ፣ ተሳፋሪ መናኸሪያ ላይ ቆሞ ቀረ፣ ጠዋት በአዲሱ ዋጋ ከዛው ማደያ ቀዳሁ። ያኔ ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላውቅም ነበር፣ አሁን አውቃለሁ። ነዳጅ መደበቅ ወንጀል ነው፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ሸቀጥ ማከማቸትን ይከለክላል፣ በ2017 የወጣው የነዳጅ ውጤቶች ግብይት አዋጅም አለ። ስለዚ ቦቴው የገባበትን ሰአትና ታርጋውን ፃፉ፣ አልቋል ያላችሁን ሰአት ፃፉ፣ ሁለት ሶስት ሾፌር ሆናችሁ በዛው ማታ ለንግድ መምሪያው ወይ ለፖሊስ አመልክቱ። በነጋታው አትሂዱ! ታንከሩ በዘንግ ሲለካ ነው እውነቱ የሚወጣው፣ ከነጋ ተሽጦ ያልቃል።

ክፍያውን በቴሌብር ወይ በሌላ ዲጂታል መንገድ ብቻ ክፈሉ፣ ከግንቦት 2015 ጀምሮ በመላ ሀገሪቱ ግዴታ ነው፣ ግዴታ ባይሆንም እኔ እመርጠው ነበር ምክንያቱም ሜሴጁ ማስረጃ ነው። ኔትዎርክ የለም በካሽ ስጡኝ ካሏችሁ ደረሰኝ ጠይቁ፣ ደረሰኝ መስጠት የሻጩ ግዴታ ነው። ሜሴጁን አታጥፉት።

ወደ ኮታው ስንመጣ፣ ነዳጅ ሲያጥር ከተማው ኮሚቴ ምናምን አቋቁሞ አምቡላንስ ይቅደም፣ ሆስፒታል ይቅደም፣ ህዝብ ትራንስፖርት ይቅደም፣ ኮድ 2 በዚህ ቀን ብቻ ይቅዳ ሊል ይችላል። ይሄ በራሱ ጥፋት አይደለም፣ እኔ እንደውም ያለ ኮታ ጉልበተኛው ብቻ ነው የሚቀዳው ባይ ነኝ። ግን ትዛዙ በፅሁፍ መሆን አለበት፣ ማህተም፣ ቀን፣ ለማን ስንት ሊትር የሚል። ማደያው ላይ ካልተለጠፈ በትህትና "ደብዳቤውን አሳየኝ ወንድሜ" በሉ። ብዙ ጊዜ ደብዳቤው እንዳለ ታገኛላችሁ፣ የተፃፈው ግን ቀጂው ከሚያወራው ይለያል፣ 20 ሊትር ተብሎ 10 የሚቀዳበት ጊዜ አለ። ወፍጮ፣ ጀነሬተር፣ የመስኖ ፓምፕ ያላችሁ ደግሞ በጀሪካን ለመቅዳት የድጋፍ ደብዳቤ ስለምትጠየቁ ንግድ ፈቃዳችሁን ይዛችሁ ቀድማችሁ አውጡ፣ እጥረቱ ከመጣ በኋላ ለደብዳቤውም ወረፋ ነው። በሃይላንድ የሚሸጠውን አትግዙ፣ ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም፣ ብትያዙ እናንተም ትጠየቃላችሁ፣ ቤት ውስጥ ቤንዚን ማስቀመጥም እሳት ነው፣ ልጆች አሉ።

አሁን ሰው የሚፈራው ጋር ደረስን፣ አስቸኳይ ጊዜ። ህገመንግስቱ አንቀፅ 93 ምክንያቶቹን ዘርዝሯል፣ የውጭ ወረራ፣ በተለመደው የህግ ማስከበር ስርአት የማይመለስ ህገመንግስታዊ ስርአቱን አደጋ ላይ የሚጥል ሁኔታ፣ የተፈጥሮ አደጋ፣ የህዝብን ጤንነት አደጋ ላይ የሚጥል በሽታ። የነዳጅ እጥረት ብቻውን እዛ ዝርዝር ውስጥ የለም። ይሄን ያዙ፣ ምክንያቱም ማደያ ላይ የምታዩት ዋጋም ኮታም የመደበኛ ህግ ስልጣን ነው፣ መደበኛ ህግ ከሆነ ደግሞ አቤት ማለት ይቻላል። በ2014 ጦርነቱ እኛ ጋ ሲደርስ እንደነበረው አዋጅ በታወጀ ጊዜ ነገሩ ይለያል፣ የሰአት እላፊም እንቅስቃሴ መገደብም ይመጣል፣ ያኔ ከወታደር ጋር ስለ ሊትር አትከራከሩ፣ አዋጁ እስኪነሳ ማስረጃችሁን ብቻ ያዙ። በህጋዊ መንገድ የያዛችሁት ንብረት ለህዝብ ጥቅም ተብሎ ቢወሰድ አንቀፅ 40 ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ይከፈል ይላል፣ ስለዚ ሳይፈረምላችሁ አታስረክቡ።

መንግስት ለምንድነው ዋጋው ላይ እንዲህ የሚጨነቀው ለምትሉ፣ 1966ን ያዩ አባቶችን ጠይቁ። በዛ አመት ጥቅምት ላይ አረቦቹ ነዳጅ ከለከሉ፣ በርሜሉ ከ3 ዶላር ገደማ ተነስቶ ወራት ሳይሞላ ወደ 12 ተጠጋ፣ ሆላንድ እሁድ እሁድ መኪና ከለከለች፣ አሜሪካ ፕሬዝዳንቷ ነዳጅ የሚያከፋፍልበትን ህግ አወጣች። እኛ ጋ ደግሞ ቤንዚን ሲጨመር የካቲት ላይ የአዲስ አበባ ታክሲዎች ቆሙ፣ ንጉሱ ጭማሪውን መልሰው ቀነሱ፣ አብዮቱ ግን ቀጠለ።

አቤቱታ ስትፅፉ አጭር አድርጉት፣ ቀን፣ ሰአት፣ ማደያ፣ ታርጋችሁ፣ ስንት ሊትር፣ ስንት ብር፣ የቴሌብር ቁጥሩ። ሁለት ኮፒ አድርጉና አንዱ ላይ ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ማህተም አስመትታችሁ ቤት አስቀምጡ። መጀመሪያ የከተማው ንግድ መምሪያ፣ ዝም ካለ ባህር ዳር ያለው የክልሉ ንግድ ቢሮ፣ ችግሩ ከማደያው ሳይሆን ከራሱ ከቢሮው ከሆነ ደግሞ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ እዛ ገንዘብ አይጠየቅም።