ደንባራ ወጣት ፈረስ ስንገራ የምንሠራቸው ስህተቶች

እንጅባራ ዙሪያ ላደገ ሰው ፈረስ ጌጥ ብቻ አይደለም። ገበያ የሚወጣበት፣ ለቅሶ የሚደርስበት፣ ሙሽራ የሚያጅብበት ነው፤ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲደርስ ደግሞ ግላስ የሚባለውን የፈረስ ጌጥ ልብስ ለብሶ አደባባይ ይወጣል። አባቴ ቦራን ሲገዛው ፈረሱ ሦስት ዓመቱ ነበር። ዳማ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ቦራ አልነው። ሻጩ ዋጋውን ለምን ዝቅ እንዳደረገልን የገባን ከገበያው ሳንወጣ ነው። አንዲት ሴት ዣንጥላ ስትዘረጋ ቦራ በረገገና አባቴን ከነገመዱ እየጎተተ ወሰደው።

«ደንባራ በቅሎ ቃጭል ጨምራ» ይባላል። እኔ ከቦራ ጋር ስከርም ያየሁት ግን ቃጭሉን የምናስርለት እኛው ሰዎቹ መሆናችንን ነው። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

ድንብርታን አመል ነው ብሎ መምታት

ፈረስ ቀንድ የለው፣ ጥፍር የለው፤ መከላከያው መሸሽ ነው። ዓይኖቹ በግራና በቀኝ ስለተቀመጡ ዙሪያውን ወደ 350 ዲግሪ ገደማ ያያል። የማያየው ልክ ከግንባሩ ሥር ያለውንና ከጭራው ኋላ ያለውን ነው። ከብርሃን ወደ ጨለማ ሲገባ ዓይኑ እስኪለምድ ከእኛ የበለጠ ጊዜ ይፈጅበታል። እንግዲህ ትናንት ባዶ የነበረ የመንገድ ዳር ዛሬ ጥቁር ጆንያ ተደርድሮበት ሲያገኝ ምን ያስብ? እኛ የምናየው ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ ተከስሎ ለሽያጭ የወጣ ከሰል ነው። እሱ የሚያየው ትናንት ያልነበረ፣ አድፍጦ የተቀመጠ ነገር ነው።

በዚያች ቅጽበት አለንጋ ቢያርፍበት የሚይዘው ትምህርት አንድ ነው፤ ጆንያ ባለበት ሕመም አለ። በሚቀጥለው ቀን ከሩቁ ይደነብራል፤ እኛም «ይኸው ባሰበት» ብለን እንደግመዋለን። እኔ በዣንጥላው ነገር ሁለት ወር ያህል እንዲህ ስመታው ከርሜ በመጨረሻ ዣንጥላው ቀርቶ እኔን ሲያይ ጆሮውን ወደ ኋላ መለጠፍ ጀመረ። ያንን እምነት ለመመለስ ከሁለት ወር እጅግ የበለጠ ጊዜ ወስዶብኛል።

አስሮ በግድ ማልመድ

በየመንደሩ የሚሰጠው ምክር «ግንድ ላይ እሰረውና የሚፈራውን ነገር እስኪደክመው አሳየው» የሚል ነው። መጀመሪያ ነገር አደገኛ ነው፤ ደንግጦ ወደ ኋላ የሚጎትት ፈረስ አንገቱን ሊጎዳ፣ ገመዱ ሲበጠስ ደግሞ ሊወድቅ ይችላል። ሁለተኛው ይብሳል። ታግሎ ታግሎ የቆመ ፈረስ ለመደ ማለት አይደለም፤ ተስፋ ቆረጠ ማለት ነው። አፉ እንደተገጠመ፣ ዓይኑ እንደፈጠጠ፣ አንገቱ እንደ እንጨት ደርቆ ይቆማል። ሰው ይህን አይቶ «ተገራ» ይላል፤ ከዚያ አንድ ቀን ገደል አፋፍ ላይ ይፈነዳል።

የማዳበሪያ ጆንያን ለቦራ ያለማመድኩበትን መንገድ በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ሌላው ሁሉ በዚሁ የሚሄድ ነውና። ባዶውን ጆንያ ግጦሹ ላይ ዘርግቼ፣ ድንጋይ ጭኜበት፣ ቦራን በረዥም ገመድ ይዤ ከሩቅ ጀመርኩ። አርባ እርምጃ ሲቀረን ቀና አለ፤ ሁለት ጆሮውን ወደ ፊት ቀሰረ፤ በአፍንጫው ፉር አለ። እዚያው ቆምኩ። አልጎተትኩትም፣ አላባበልኩትም። ገመዱን አላልቼ ጎኑ ቆሜ ጠበቅሁ። ትንሽ ቆይቶ አንደኛው ጆሮው ወደ እኔ ዞረ፤ ራሱን ዝቅ አደረገ፤ ከንፈሩን ላሰ፤ ረዥም ትንፋሽ ለቀቀ። ያን ጊዜ ወዲያው ፊቴን አዙሬ ከጆንያው ይዤው ራቅሁ።

ቁም ነገሩ ያለው መዞሩ ላይ ነው። ፈረስ የሚማረው ስንጎትተው አይደለም፤ ስንለቀው ነው። ጫናው የተነሣለት ሲረጋጋ ከሆነ መረጋጋትን ይማራል፤ ጫናው የተነሣለት ሲደነብር ከሆነ መደንበርን ይማራል። ስለዚህ እየዘለለ ሳለ አታርቁት፣ እየዘለለም ሳለ አታቅርቡት። ባለበት ቆዩና የመጀመሪያዋን ትንፋሽ ጠብቁ። በማግስቱ ሠላሳ አምስት እርምጃ ላይ ደረስን፤ በሦስተኛው ቀን ነፋስ ስለነበር ወደ ሃምሳ ተመለስን። በዐሥራ አንደኛው ቀን ጆንያውን በአፍንጫው አሸተተው። ከዚያ ታናሽ ወንድሜ ጆንያውን በገመድ እየጎተተ ከፊታችን ሲሄድ ቦራ ከኋላ እንዲከተለው አደረግን። የሚያስፈራው ነገር እሱን ሲሸሽ ያየ ፈረስ ድፍረቱ እንዴት እንደሚጨምር በዓይኔ አይቻለሁ። ባጃጅንም ያለመድነው እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ ከኋላው ተከትለን፣ በኋላ ጎን ለጎን፣ በመጨረሻ ፊት ለፊት።

አንገቱን በጥፊ እየመቱ «ጎበዝ» ማለት

በፍቅር የሚደረግ ስህተት ነው። ፈረስ ፈረስን በጥፊ አያመሰግንም። ሁለት ፈረሶች ሲዋደዱ ጋማው የሚያልቅበትን፣ ከኮርቻው ፊት ያለውን የትከሻ ጉብታ እርስ በርስ ያካሉ። እዚያ ሲታከክ የልብ ምቱ ይቀንሳል። በጣቶቻችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ እከኩት፤ የላይኛው ከንፈሩ ሲረዝምና ሲንቀጠቀጥ ታያላችሁ። መረጋጋቱን ማወቅ ከፈለጋችሁ ከመንጋጋው አጥንት ሥር ጣት አድርጋችሁ ለ15 ሴኮንድ ምቱን ቁጠሩና በአራት አባዙት። ያረፈ ጎልማሳ ፈረስ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ይመታል።

ዕድሜውን ሳያዩ ጀርባው ላይ መውጣት

ሁለት ዓመት የሞላው ፈረስ ትልቅ ይመስላል። አጥንቱ ግን አልጠነከረም። የእግሩ አጥንቶች እድገት ቀድሞ ያልቃል፤ የአከርካሪው የመጨረሻዎቹ ክፍሎች ግን እስከ አምስት ዓመት ተኩልና ስድስት ዓመት ድረስ ይቆያሉ። የሻጭን ቃል ከመስማት ጥርሱን ማየት ይበልጣል። የፊት የወተት ጥርሶቹ የሚለወጡት መካከለኞቹ በሁለት ዓመት ተኩል፣ ቀጣዮቹ በሦስት ዓመት ተኩል፣ የዳሮቹ በአራት ዓመት ተኩል ገደማ ነው።

ክብደትም አለ። በብዙ አገር የሚሠራበት ልክ ፈረስ ኮርቻውን ጨምሮ ከክብደቱ 20 በመቶ በላይ ባይሸከም የሚል ነው። የእኛ አገር ፈረስ ትንሽ ነው፤ 220 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በዚህ ልክ 44 ኪሎ ቢሸከም ነው። ጎልማሳ ሰው ከእንጨት ኮርቻ ጋር ከዚህ በጣም ያልፋል። ስለዚህ ቦራ ላይ መጀመሪያ የወጣው እኔ አልነበርኩም፤ ቀጭኑ ወንድሜ ነው፤ ያውም አራት ዓመት ካለፈው በኋላ፣ ለደቂቃዎች ብቻ፣ እኔ ገመዱን ይዤ። ከዚያ በፊት የነበረውን አንድ ዓመት በእግር አብረን ስንሄድ አሳለፍነው፤ ወንዝ፣ ድልድይ፣ ገበያ ዳር፣ እስከ ዘንገና ሐይቅ ድረስ። ጊዜ ያባከንኩ የመሰላቸው ሰዎች ነበሩ፤ እኔ ግን ከሥራው ሁሉ የተሻለው ያ ዓመት ይመስለኛል።

ሕመሙን ድንብርታ ነው ማለት

እዚህ ላይ እለምናችኋለሁ። ኮርቻ ሲጫን የሚጠማዘዝ፣ ልጓም ሲያይ አንገቱን የሚሰቅል፣ ሲወጡበት ተስፈንጥሮ የሚሮጥ ፈረስ ሁሉ ፈሪ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ያመዋል። ኮርቻውን አንሡና ጀርባውን በመዳፋችሁ ቀስ ብላችሁ ዳስሱ። ቆዳው እየተሸመቀቀ ወደ ታች ከሰመጠ፣ ጸጉሩ ነጭ ሆኖ ከበቀለ ወይም ከተላጠ፣ ገጣባ እየመጣ ወይም ድሮ ኖሮ ነው። የእንጨት ኮርቻ ሁለቱ ጎኖቹ በጎድኑ ላይ ሊያርፉ፣ አከርካሪውን ግን ጨርሶ ሊነኩት አይገባም። ከሥሩ የሚነጠፈው ጨርቅ ላብ ጠጥቶ ከደረቀ እንደ ቅርፊት ይሆናል፤ እጠቡት።

ልጓሙም እንዲሁ። በእኛ አገር የቆየው ልጓም ታችኛውን መንጋጋ የሚከብ የብረት ቀለበት ያለው ነው። ለተገራ ፈረስና ለለስላሳ እጅ የተሠራ ነው፤ በድንጉጥ ሰው እጅ ወጣት ፈረስ አፍ ውስጥ ሲገባ ግን አፉን ያቆስላል። ቦራን እስከ አምስት ዓመቱ ድረስ የጋለብነው አፍንጫው ላይ በሚያርፍ የገመድ ማሰሪያ ነበር። ብረቱን ሲቀበል ጥርሱ ተለውጦ አልቆ፣ «ቁም» እና «ዙር» የሚለውንም አውቆ ነበር።

ሲደነብር ሁለቱንም ዛብ ጥርቅም አድርጎ መያዝ

ሰው ሲደነግጥ ሦስት ነገር ያደርጋል፤ ትንፋሹን ይይዛል፣ በጉልበቱ ይጨብጣል፣ ዛቡን (ፈረሱን የሚመራበትን መሳቢያ) ይስባል። ፈረሱ ደግሞ ሦስቱንም ይሰማል። ጀርባው ላይ ያለው ጓደኛው ከደነገጠማ በእርግጥ የሚያስፈራ ነገር አለ ማለት ነው። ሁለቱም ዛብ ሲሳብበት ፊት ለፊት መሄድ ስለማይችል በሁለት የኋላ እግሮቹ ይቆማል፤ ወይም አፉን ከፍቶ በሽምጥ ይነሣል።

እኛ የለመድነው አንድ ዛብ ብቻ መሳብ ነው። እጃችሁን በቀስታ ወደ ጭናችሁ አምጥታችሁ አንገቱን ወደ አንድ ጎን አዙሩት፤ ይዞራል፣ የኋላ እግሮቹ ይሻገራሉ፣ ፍጥነቱ ይሞታል። እንደቆመ ልቀቁት። ይህን ፈረሱ ሳይደነግጥ፣ ቆሞ ሳለ፣ ከዚያም በእርምጃ፣ በግራም በቀኝም ብዙ ጊዜ አለማምዱት። በሽምጥ ላይ እያለ መጀመሪያ ጊዜ ቢሞከር ፈረሱ ከነሰውየው ሊወድቅ ይችላል። ትንፋሻችሁን ለመልቀቅ ደግሞ አናግሩት ወይም ዝፈኑለት፤ የሚዘፍን ሰው ትንፋሹን መያዝ አይችልም። ወንድሜ በዚህ ዘዴ የመንደሩን ዘፈን ሁሉ ጨርሷል።

የእርካብንም ነገር ልጨምር። የጥንቱ እርካብ በአውራ ጣት የሚያዝ ጠባብ ቀለበት ነው፤ ሲወድቁ እግርን ይለቃል። ዛሬ ልጆች በጫማ ሰፋ ያለ እርካብ ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ይገባሉ። ደንባራ ፈረስ ላይ ይህ ሰው ያስጎትታል። ከእግራችሁ የፊቱ ብቻ ይግባ።

ብቻውን ማውጣት፣ እስኪሰለች ማቆየት

ፈረስ የመንጋ እንስሳ ነው። አዲስ መንገድ ስትጀምሩ ሁሉን ያየ ሽማግሌ ፈረስ ከፊት ይሂድለት። ሃያ ደቂቃ በቂ ነው። ጥሩ ሲሠራ ውረዱ፤ «አንድ ጊዜ ልድገመው» የምትለዋ ብዙ ሥራ አበላሽታብኛለች።

በዓሉ ደረሰ ብሎ መቸኮል

በጥር ብዙ ወጣት ፈረስ ይበላሻል። ድምፅ ማጉያው፣ እልልታው፣ በነፋስ የሚወዛወዘው ሰንደቅ ዓላማ፣ በሽምጥ የሚያልፈው ፈረሰኛ ሁሉ ለማያውቀው ፈረስ አንድ ላይ ይወርድበታል። ግላሱ ራሱ አዲስ ነው፤ ጎኑን ሲነካው የሚደነብር አለ። በቤት ሳለ በየቀኑ አልብሱት፣ ጉልላቱን፣ የራስ ጌጡን፣ በራሱ ላይ አድርጉለት፤ ጨርቅ አውለብልቡ፣ መዝሙርና ዘፈን ከሩቅ አሰሙት።

ቦራ የመጀመሪያውን በዓል ያየው ያለ ኮርቻ፣ በገመድ፣ ከሜዳው ራቅ ካለ ባሕር ዛፍ ሥር ሆኖ ከሽማግሌው ፈረስ አጠገብ ነው። ሣር ይዘንለት ነበር። ጆሮውን ቀስሮ፣ ፉር እያለ፣ ብዙ ቆይቶ ራሱን ዝቅ አድርጎ አንድ ጉርሻ በላ። እሷን እንደዋጠ ይዘነው ወደ ቤት ሄድን፤ ገና ረፋድ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ግላስ ለብሶ በእርምጃ ዞረ። ሰልፍ ውስጥ የገባው በሦስተኛው ነው።