ፊደል በዜማ ብቻ ለሚያወርድ ልጅ

ሀዋሳ ያላችሁ፣ ኬጂ የሚማር ልጅ ካላችሁ ይቺን ሞክሯት። ልጅ ሀ ሁ ሂ ሃ እያለ ሲያወርደው ደስ ይላል፣ ግን ብዙ ጊዜ የያዘው ዜማውን ነው፣ ቡን ለብቻዋ ስታሳዩት ከበ ይጀምራል (አንዳንዱማ ከሀ!)።

231ዱን ፊደል ባንዴ ከመጫን ከልጅቷ ስም ጀምሩ። ቤቲ ከሆነች ቤ እና ቲ በቃ፣ ከዛ ቤ እግሯ ላይ ቀለበት እንዳላት ቲ ደግሞ ጭረት እንዳላት አሳይዋት፣ ያቺው ቀለበት ሌ ላይም ሴ ላይም አለች፣ ጭረቷም ሊ ላይ ሲ ላይ። ሩ ሪ ፉ ፊ አመለኞች ስለሆኑ ለኋላ ይቆዩ።

ከዛ ባጃጅ ውስጥ ሆናችሁ ፒያሳ ይሁን ፍቅር ሐይቅ መንገድ "ቤን ቀድሞ ያየ!" በሉ። ምግብ ቤት፣ ሻይ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ ታፔላው ሁሉ ቤ ነው፣ ልጅቷ ትጨርሳችኋለች 😂

እናት ወይ አያት ማንበብ ባይችሉም ችግር የለም፣ ማታ ተረት ተረት ይበሉ፣ በሲዳምኛም በወላይትኛም ቤት ውስጥ በሚወራው ቋንቋ፣ መሃል ላይ ቆም ብለው "ከዛስ ምን የሚሆን ይመስልሻል?" ብለው ይጠይቋት። በጆሮዋ የሰማችው ቃል በኋላ ስታነብ ቶሎ ይገባታል።

እርሳስ መያዝ ገና ካስቸገራት ደግሞ አታስጨንቋት፣ በጣቷ አሸዋ ላይ ወይ ትሪ ላይ በተበተነ ዱቄት ትጻፍ፣ ሲሰለቻት ተዉአት ትጫወት።