ዚንክ ኦክሳይድ ናኖ ቅንጣትን ባዮፊልም ላይ እንዴት እንፈትን?

መድኃኒት የተላመደው ባክቴሪያ፣ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ፣ በሚሠራው ባዮፊልም (ገጽታ ላይ ተጣብቆ የሚኖር የባክቴሪያ ስብስብ) ላይ ልትሞክሩ ነው? መጀመሪያ ዱቄቱን አትመኑት። ውሃ ሲነካው ይጓጉልና ከሥር ይዘቅጣል፤ በሶኒኬተር (በድምፅ ሞገድ የሚበትን መሣሪያ) በትኑትና ወዲያው ተጠቀሙበት። ስትመዝኑ ማስክ አድርጉ፣ ብናኙ ለሳንባ አይሆንም።

ባክቴሪያውን ግሉኮስ ባለው ፈሳሽ ምግብ፣ ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት ላይ፣ በ37 ዲግሪ ለ24 ሰዓት አሳድጉ። ቅንጣቱን ከመነሻው ከጨመራችሁ የምትለኩት ባዮፊልም እንዳይሠራ መከልከሉን ነው፤ ከ24 ሰዓት በኋላ ከሆነ ግን የተሠራውን ማፍረሱን ነው፣ እሱ ደግሞ በጣም ይከብዳል፣ ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው በሠሩት ዝልግልግ ሽፋን ውስጥ ተሸሽገዋላ።

ፈሳሹን በረኪና ውስጥ ድፉ። ፕሌቱን ቀስ ብላችሁ እጠቡ፣ አድርቁ፣ 0.1 በመቶ ክሪስታል ቫዮሌት የተባለውን ሐምራዊ ማቅለሚያ ለ15 ደቂቃ አቆዩበት። ውሃው ጥርት እስኪል ድጋሚ እጠቡ። የቀረውን ሐምራዊ ቀለም በ30 በመቶ አሴቲክ አሲድ አሟሙታችሁ ብርሃን የመምጠጥ መጠኑን በፕሌት ማንበቢያ መሣሪያ፣ በ570 ናኖሜትር አንብቡ።

ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ፦ ቅንጣት ብቻ ያለበት፣ ባክቴሪያ የሌለው ጉድጓድ። ቅንጣቱ ራሱ ቀለም ሊይዝ፣ ብርሃንም ሊበትን ይችላል፤ ያለዚህ ጉድጓድ ንባቡ ዋጋ የለውም። ቀለሙ የሞተውንም ባክቴሪያ ስለሚያቀልም፣ ከሌላ ጉድጓድ ባዮፊልሙን ፍቃችሁ አጋር (ባክቴሪያ የሚበቅልበት የረጋ ምግብ) ላይ ዝሩና በሕይወት ያሉትን ቁጠሩ።