ከፍ ላለ የዶሮ ቤት መወጣጫ አሠራር

ባሕር ዳር ላይ ክረምቱ መሬቱን ስለሚያረጥብ የዶሮ ቤትን ከፍ አድርጎ መሥራት ደግ ነው፤ ጣጣው መግቢያና መውጫው ላይ ነው። የሐበሻ ዶሮ ብር ብላ ትወጣለች። ሳሶ የምትባለው የውጭ ዝርያ ዶሮ ግን ከባድ ናት፤ በየቀኑ ከከፍታ ስትዘል ውስጥ እግሯ ይቆስልና ያብጣል፣ ታነክሳለች።

በሩ ከመሬት 80 ሳንቲ ሜትር ከሆነ መወጣጫው ቢያንስ 1 ሜትር ከ60 ይርዘም። ካጠረ ቀጥ ይልና ዶሮዋ ከግማሽ ትመለሳለች። 30 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ጣውላ ይበቃል። በላዩ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው የባሕር ዛፍ መርገጫዎች በየ12 ሳንቲ ሜትር ምቱ፤ ብቅ ያለ ሚስማር ካለ ቆልምሙት። መርገጫው ከተራራቀ መሀል ያለው ጣውላ በዝናብና በኩስ ሙልጭልጭ ይላል። ደንገል እዚህ ቅርብ ነው ብላችሁ አታንጥፉበት፤ ውኃ ይዞ ይሻግታል።

ላይኛውን ጫፍ ከደፉ ጋር በማጠፊያ አጥብቁት፤ የሚነቃነቅ ነገር አይረግጡም። ማታ ወደ ላይ አንሥታችሁ እሰሩት፣ በሩንም ቀርቅሩ፤ ሸለምጥማጥ መውጣት አያቅተውም።

ለማስለመድ ሊመሽ ሲል መርገጫዎቹ ላይ ጥቂት የበቆሎ ክክ በትኑ። እምቢ ያለችውን ታችኛው መርገጫ ላይ አቁማችሁ ከኋላ ቀስ አድርጋችሁ ግፏት።