ኤጀንቱ መሣሪያውን ሲሳሳትበት፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኤጀንት፣ ማለትም በቋንቋ ሞዴል እየተመራ ሌሎች ፕሮግራሞችን (መሣሪያዎችን) እየጠራ ሥራ የሚያከናውን ፕሮግራም፣ ሲሳሳት ጥርጣሬው ቶሎ የሚያርፈው በሞዴሉ ላይ ነው። ሞዴሉን ከመቀየራችሁ በፊት ግን ለመሣሪያው የጻፋችሁትን መግለጫ አንብቡት። ኤጀንቱ ብዙውን ጊዜ ከመሣሪያው ጀርባ ያለውን ኮድ አያይም፤ ግራ ሲገባውም የሚጠይቀው ባልደረባ የለውም። በእጁ ያለው የመሣሪያው ስም፣ ጥቂት መስመር መግለጫና ግብዓቶቹን የሚዘረዝረው የጄሶን ስኬማ ነው። ከዚያ ውስጥ የጎደለውን በግምት ይሞላዋል። ግምቱ ትክክል ስለሚመስልም ጉዳቱ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው።

ምልክት፦ አንዱን መሣሪያ መጥራት ሲገባው ሌላውን ይጠራል

«ደንበኛ_ፈልግ» እና «ደንበኛ_አምጣ» የሚባሉ ሁለት መሣሪያዎች አሉ እንበል። የአንዱ መግለጫ «የደንበኛ መረጃ ይፈልጋል» ይላል፤ የሌላው «የደንበኛ መረጃ ያመጣል» ይላል። ልዩነቱ ለሠራው ሰው ግልጽ ነው፤ ለሌላ አንባቢ ግን ምንም ፍንጭ የለም። መግለጫዎቹ የመሣሪያውን ሥራ ነግረው መቼ እንደሚመረጥ ሳይናገሩ ቀርተዋል።

የመጀመሪያውን እንዲህ ጻፉት፦ «የደንበኛው መለያ ቁጥር በማይታወቅበት ጊዜ በስም ወይም በስልክ ለመፈለግ ያገለግላል። ቢበዛ 20 ውጤቶችን ይመልሳል። መለያ ቁጥሩ ከታወቀ ደንበኛ_አምጣን ተጠቀም።» ወሰኑን የምታሰምረው የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ናት፤ ብዙ ሰነዶች ውስጥ የምትቀረውም እሷው ናት። ሁለት መሣሪያዎችን ለመለየት ረጅም ማብራሪያ ካስፈለገ ግን ወደ አንድ ማዋሐድ ይሻላል።

ምልክት፦ መሣሪያው ትክክል፣ የተሞላው ዋጋ (በግብዓቱ ውስጥ የገባው መረጃ) ስህተት

ከሁሉም የሚያደክመው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ጥሪው ያለ ምንም ስህተት ሊያልፍ ይችላል። ስኬማው «ቀን፦ ጽሑፍ» ብቻ ካለ «03/04/2025» ተቀባይነት ያገኛል። ማርች 4 ነው ወይስ ኤፕሪል 3? መልሱ መሣሪያውን በሚያስኬደው ሰርቨር ኮድ ውስጥ ተቀብሯል። መግለጫው «በአይኤስኦ 8601 ቅርጽ፣ ዓመት-ወር-ቀን፣ ለምሳሌ 2025-04-03» ካለ ጥርጣሬው ይጠፋል። ሰዓት ካለበት የሰዓት ክልሉም አብሮ ይጻፍ።

በውጤቱ ውስጥ የጃንዋሪ 1970 ቀን ብቅ ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው መንስኤ ይህ ነው፦ መሣሪያው ሚሊሰከንድ ሲጠብቅ ኤጀንቱ ሰከንድ ልኳል። ከ1970 መጀመሪያ አንስቶ የሚቆጠረው ጊዜ ዛሬ በሰከንድ 10 አሃዝ፣ በሚሊሰከንድ ደግሞ 13 አሃዝ አለው። መለኪያውን በግብዓቱ ስም ውስጥ አስገቡት። «ጊዜ» ከሚል ስም «ጊዜ_በሚሊሰከንድ» የሚለው እጅግ ይሻላል፤ መግለጫው በችኮላ ቢታለፍ እንኳ ስሙ አይታለፍም።

ግብዓቱ የሚቀበላቸው ዋጋዎች የተወሰኑ ከሆኑ በስኬማው ውስጥ አንድ በአንድ ዘርዝሯቸው። «እንደ ክፍት ወይም ዝግ ያለ ሁኔታ» የሚል አገላለጽ ኤጀንቱ «በሂደት ላይ» የሚል ሦስተኛ ዋጋ ከራሱ እንዲፈጥር በር ይከፍታል።

የመለያ ቁጥሮችም እንዲሁ ናቸው። ኤጀንቱ የሌለ ቁጥር ከፈጠረ ከየት እንደሚገኝ አልተነገረውም ማለት ነው፦ «ይህ ዋጋ የሚገኘው ከደንበኛ_ፈልግ ውጤት ነው፤ ሌላ ምንጭ የለውም» በሉት። የምሳሌውን ቁጥር ገልብጦ ከላከ ደግሞ ምሳሌው እውነተኛ ዋጋ መስሎታል። ምሳሌ መሆኑ በግልጽ የሚታይ ዋጋ ምረጡ፤ ቢቻል ሁለት ወይም ሦስት የተለያዩ ምሳሌዎች ስጡ።

ምልክት፦ የከሸፈውን ጥሪ ሳይለውጥ ይደጋግማል

የስህተት መልእክትም የሰነዱ አካል ነው። «ስህተት 400» (ጥያቄው ትክክል አይደለም) ብቻ የሚል መልስ ያገኘ ኤጀንት ምኑን ያርም? ጥሩ መልእክት ምን እንደተበላሸ፣ ምን እንደሚጠበቅና እንደገና መሞከር ይጠቅም እንደሆነ ይናገራል፦ «የመነሻ ቀን ከማብቂያ ቀን በኋላ ነው። ቀኖቹን አስተካክለህ ጥራ፤ በዚሁ ግብዓት መድገም አይጠቅምም።» የጥሪ ብዛት ገደብ ሲያልፍ የሚመጣው 429 ከዚህ ይለያል፤ እዚያ ላይ ግብዓቱ ጤነኛ ስለሆነ ስንት ሰከንድ መጠበቅ እንዳለበት ንገሩት።

ኤጀንቶችን ከመሣሪያዎች ጋር በሚያገናኘው፣ በኖቬምበር 2024 ይፋ በሆነው የጋራ ደንብ በሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል መሣሪያ ለምትሠሩ፦ በመሣሪያው ሥራ ላይ የሚያጋጥም ስህተት የስህተት ምልክት ተደርጎበት በውጤቱ ውስጥ ይመለስ። እንደ ፕሮቶኮል ስህተት ከተላከ ሞዴሉ ዘንድ ላይደርስ ይችላል፤ ያላየውን ደግሞ አያርምም።

ምልክት፦ አንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ይፈጸማል

ክፍያው ተልኳል፣ መልሱ ግን በጊዜ አልደረሰም፤ ኤጀንቱ እንደገና ላከው። መድገም ጉዳት እንዳለው የነገረው የለም። ለእያንዳንዱ ክፍያ ልዩ ቁልፍ የሚቀበል ግብዓት ጨምሩና «በድጋሚ ስትሞክር ያንኑ ቁልፍ ተጠቀም» ብላችሁ ጻፉ። በተመሳሳይ ቁልፍ የመጣን ሁለተኛ ጥሪ አለመፈጸም የሰርቨሩ ኃላፊነት ነው።

ምልክት፦ ከፊሉን አይቶ «ሁሉንም አየሁ» ይላል

ውጤቱ በገጽ ተከፋፍሎ ይመጣል፤ ኤጀንቱ ግን የመጀመሪያውን ገጽ ሙሉ ዝርዝር አድርጎ ይወስደዋል። በሰነዱ ብቻ ሳይሆን በራሱ በውጤቱ ውስጥ «ከ340 መዝገቦች 50ው ቀርበዋል፤ ለቀጣዩ ገጽ ይህን ምልክት ላክ» ይባል።

ምልክት፦ የተሻረ ትእዛዝ ይጠቀማል

ሞዴሉ የሠለጠነበት ጽሑፍ የድሮውን ሥሪት ይዟል። አዲሱን ትእዛዝ መጻፍ ብቻውን አይበቃም፤ የቀረውን በስሙ ጠርታችሁ መቅረቱንና በምን እንደተተካ ግለጹ። ሰነዱ የትኛውን ሥሪት እንደሚመለከት ከላይ ይጻፍ።

ከእያንዳንዱ ማስተካከያ በኋላ አዲስ ውይይት ከፍታችሁ ተጠቃሚ በሚናገርበት አነጋገር ሥራ ስጡት፤ የመሣሪያውን ስም አትጥቀሱለት። ከመልሱ ይልቅ የጥሪ መዝገቡን አንብቡ፤ ትክክለኛ መልስ በተሳሳተ መንገድም ሊገኝ ይችላል። ውጤቱ ከሙከራ ሙከራ ስለሚለያይ አንድ ጊዜ መሳካቱ ማረጋገጫ አይሆንም።

ጽሑፍ የማይፈታውም አለ። «ያለ ፈቃድ አትሰርዝ» የሚል መግለጫ ጥሩ ነው፤ መዝገቡን የሚጠብቀው ግን ሰርቨሩ ላይ ያለው የፈቃድ ገደብ ነው። በሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል ውስጥ አንድ መሣሪያ «አጥፊ» ወይም «አንባቢ ብቻ» መሆኑን የሚጠቁሙ ምልክቶችም ጥቆማ ብቻ ናቸው፤ ከማይታመን ሰርቨር ሲመጡ ሊታመኑ አይገባም። መሰረዝ የማይገባው ኤጀንት የመሰረዣ መሣሪያው ከነጭራሹ አይሰጠው።