ዶሮው ሲጠነክር፣ ወጡ ሲቀጥን፦ የሰርክ የዶሮ ምግብ ችግርና መፍትሄ

ባሕር ዳር ውስጥ ዶሮ የበዓል ምግብ ብቻ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። በፍስክ ቀን ለእራት አልጫ የሚሠራ፣ ጉንፋን ለያዘው ሾርባ የሚያፈላ፣ ለልጆች ከፎገራ ሩዝ ጋር የሚያቀርብ ብዙ ነው። ምግቡ ሳያምር ሲቀር ግን ሁሉም በርበሬውን ይወቅሳል። የእኔ እምነት ሌላ ነው፦ አብዛኛው ችግር የሚመጣው የገዛነውን ዶሮ ዕድሜ ሳናውቅ ከመጀመርና ሽንኩርቱን ከማቻኮል ነው። ስለዚህ እነዚህ ሁለቱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ሌላውን ቶሎ ቶሎ አልፋለሁ።

ሥጋው አልበስል ሲል

በሹካ ሲወጉት እንቢ ይላል፣ ሲያኝኩት ይሳሳባል፤ መረቁ ግን ይጣፍጣል። እንዲህ ያለው ዶሮ አርጅቷል እንጂ አልተበላሸም። እንቁላል ስትጥል ኖራ የተሸጠች እናት ዶሮ ወይም የከረመ የሀበሻ አውራ ዶሮ ጅማቱ ጠንካራ ነው፤ ያ ጅማት ቀልጦ እስኪላላ ድረስ በዝግታ መብሰል አለበት። እሳት መጨመር አያፈጥነውም፤ ሥጋውን ያደርቀዋል፣ ወጡንም ያሳርራል።

የከተማችን ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ድስቱ የቱንም ያህል ቢንተከተክ ከዚያ ብዙም አያልፍም። ከውጭ አገር ቪዲዮ «40 ደቂቃ ይበቃዋል» የሚለውን ይዞ የሚጀምር ሰው በሁለት በኩል ይሳሳታል፤ እዚያ የሚታየው የጥቂት ሳምንት የሥጋ ዶሮ ነው፣ እዚህ ድስቱ ውስጥ ያለው ደግሞ የከረመ ዶሮ ነው፣ ያውም በማይግል ውሃ።

ወጡ ውስጥ ገብቶ አልበስል ካለ ብልቶቹን በጭልፋ አውጡ። በሌላ ድስት ትንሽ ሙቅ ውሃና አንድ ጭልፋ ቁሌት ጨምራችሁ ከድናችሁ በዝግታ አብስሏቸው፤ ወጡ እንዳያር ከእሳት ወርዶ ይጠብቅ። የፕሬሸር ድስት ያለው ሰው ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃዋል፤ እንፋሎቱ ስለሚታፈን ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ያልፋል፣ የከፍታው ችግርም ይቀራል። በከሰል ወይም በኤሌክትሪክ ምድጃ ከሆነ ግን ለእናት ዶሮ ከ2 ሰዓት ያላነሰ መድቡላት።

ዶሮው ጠንካራ መሆኑን አስቀድሞ ያወቀ ሰው አረንጓዴ ፓፓያ ይርዳው። ገና ያልበሰለ ፓፓያ ሥጋ የማላላት ኃይል አለው። ፈቅፍቃችሁ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ብልቶቹ ላይ እሹ፣ ግማሽ ሰዓት አቆዩና አለቅልቁት። አታሳድሩት፤ ላይ ላዩ ይላሽቃል።

ከሁሉ የሚሻለው ገበያው ላይ መለየት ነው። ቅዳሜ ገበያ ዶሮ ስትመርጡ በእጃችሁ መዝናችሁ ብቻ አትነሱ። የደረቱን አጥንት በአውራ ጣት ከላይ ወደ ታች ተከተሉና ጫፉን ጫን በሉት። ለጋ ከሆነ ጫፉ እንደ ጆሮ እጥፍ ብሎ ይመለሳል፤ ካረጀ ንቅንቅ አይልም። እግሩንም እዩ፦ የለጋ ዶሮ እግር ለስላሳ ነው፣ ያረጀው ቅርፊቱ ሻካራ ነው። አውራ ከሆነ ደግሞ ከእግሩ በስተኋላ የሚወጣው ሹል ገና ጉብታ ብቻ ከሆነ ለጋ፣ ረዝሞ ከሾለ የከረመ ነው። ይህን ካወቃችሁ ምግቡን ለዶሮው ምረጡለት። የከረመው ለወጥና ለሾርባ ነው፤ ጣዕም ያለው እሱ ነውና አትናቁት። ቄብና የሥጋ ዶሮ ደግሞ ለጥብስ፣ ለአልጫ፣ ከሥራ መልስ ለሚሠራ እራት ይሆናሉ። ከከረመ ዶሮ ጥብስ አይወጣም፤ አትድከሙ።

ሽንኩርቱ አልሟሟ ሲል

ወጡ ሲወጣ ውሃው እንጀራው ላይ ቀድሞ ይፈሳል፣ ሽንኩርቱ ክትፍ ክትፉ እየታየ መሃል ላይ ይቀራል። ለቀጠነ ወጥ ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ሎሚውን ነው። ኮምጣጣ ነገር ሽንኩርት እንዳይላላ ያደርጋል፤ ሎሚ የነካው ሽንኩርት ቢበስልም ቅርጹን ይዞ ይቀራል። ዶሮውን በሎሚና በጨው አሽተን በደንብ ሳናለቀልቅ ያልደረሰ ሽንኩርት ላይ ስንጨምረው የሚሆነው ይኸው ነው። ቲማቲምም እንደዚያው ነው። የዘጌ ሎሚ ቅርብ ስለሆነ እጃችን ይፈታል እንጂ ለአንድ ዶሮ ሁለት ሎሚ ይበቃል። ከዚያ ውሃው ጥርት ብሎ እስኪወርድ ይለቅለቅ፣ በወንፊት ላይ ይንጠፍጠፍ። ቲማቲም የምትወዱ ሽንኩርቱ ጨርሶ ከሟሟ በኋላ ጨምሩ።

ሌላው የሽንኩርቱ ውሃ ነው። ከፎገራ ሜዳ በመስኖ ተመርቶ ገና የገባ ሽንኩርት ውሃ ያዘለ ነው፤ ቅርፊቱ ደርቆ የከረመው ቶሎ ይደርሳል። እሸቱን ሽንኩርት ድስት ላይ ጥደን ሲንተከተክ ስናይ የተቁላላ ይመስለናል፤ ገና መቀቀሉ ነው። ድምፁን አዳምጡ፦ ውሃ ያለበት ይፈላል፣ ውሃውን የጨረሰ ድምፁ ወፍሮ ፈረጥ ፈረጥ ይላል። ማማሰያውን በድስቱ ሥር ስትጎትቱት ያለፈበት መንገድ ቶሎ ካልተዘጋ ተቃርቧል። ከዚያ ትንሽ ቆንጥራችሁ ሲበርድ በሁለት ጣት እሹት። ክር ክር የሚል ነገር ከተሰማችሁ ይቆይ፤ ጣታችሁ ላይ ልስልስ ብሎ ከጠፋ ዘይቱ ይግባ።

ዘይቱ ከዚያ በፊት አይግባ። ገና ሲጣድ ዘይት የገባበት ሽንኩርት ይጠበሳል፣ ዳርና ዳሩ ይደርቃል፣ ከዚያ በኋላ አይሟሟም። ሊይዝ ሲል ጠብታ ሙቅ ውሃ ጣል እያደረጋችሁ ማማሰል ነው። ቁንጥር ጨው መጀመሪያ ላይ መጨመር ውሃውን ቶሎ ስለሚያስወጣው ይጠቅማል። አከታተፉም ይለያል፤ ግማሹ ደቆ ግማሹ ጎርዶ ከተከተፈ የደቀቀው ሲያር የጎረደው ጥሬ ነው።

ወጡ ከተሠራ በኋላ ያስተዋለ ሰው ብልቶቹን ያውጣ፣ ሁለት ሦስት ጭልፋ ወጥ አብርዶ በጁስ መፍጫ ይፍጨው፣ መልሶ ሩብ ሰዓት ያንተክትከው። ዱቄት ወይም ሽሮ በጥብጦ ማጥበቅን አልመክርም፤ ወጡ ይወፍራል፣ ጣዕሙ ግን የዶሮ ወጥ መሆኑ ይቀራል።

ሠራተኛ ለሆነ ሰው መፍትሄው ሰዓቱን ከምሽቱ ላይ ማንሳት ነው። እሁድ 3 ኪሎ ሽንኩርት በአንድ ጊዜ አቁላልታችሁ በዘይት ብቻ ቁሌት ሥሩ፤ ንጥር ቅቤ አይግባበት። ለአንድ የሰርክ ዶሮ የ1 ኪሎ ሽንኩርት ቁሌት ይበቃል፤ በየልኩ ከፋፍላችሁ በፍሪዘር አስቀምጡ። ማክሰኞ ወይም ሐሙስ አንዱን አውጥታችሁ ለጋ ዶሮ ብትጨምሩበት በአንድ ሰዓት እራት ይደርሳል፣ ቅቤው ያኔ ይገባል። ቅቤ ያልነካው ቁሌት ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ለምስር ወጥ ይሆናል።

ሲመር

መራራው ሁለት ዓይነት ነው፤ መለየት ያስፈልጋል። ወጡ ጠቁሮ የማረር ሽታ ካለውና ምሬቱ ጉሮሮ ላይ ከቀረ በርበሬው ነው። ደርቆ በጋለ ድስት ላይ የተነሰነሰ በርበሬ በአፍታ ያርራል፤ ሁልጊዜም ሽንኩርቱ እርጥበት እያለው፣ እሳቱ ቀንሶ፣ ጠብ ጠብ በሚል ውሃ ይቁላላ። በጥቂቱ ብቻ ካረረ ሥሩን ሳትፍቁ ወደ ሌላ ድስት ገልብጡና ያልተበረበረ ቁሌት ጨምሩበት። ክፉኛ ካረረ ዶሮ ሳታባክኑበት በርበሬውን ተዉት። ስኳርና ማር ምሬቱን አያጠፉትም።

ወጡ ቀይ ሆኖ አንዳንድ ጉርሻ ብቻ የሚመር ከሆነ ሐሞት ፈስሷል። ሐሞት ጉበቱ ላይ የተጣበቀች አረንጓዴ ከረጢት ናት፤ ስታወጧት ትንሽ ጉበት አብራችሁ ቁረጡ እንጂ ለመላጥ አትሞክሩ። ከፈነዳች አረንጓዴ የነካውን ሁሉ ቆርጣችሁ ጣሉ፣ ቢላውንም እጠቡ።

አልጫ ሲመር ደግሞ እርዱ በዝቷል። ለአንድ ዶሮ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል፤ የአልጫን ጣዕም የሚሠሩት ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉና ነጭ ሽንኩርቱ ናቸው።

ጥሬ በርበሬ ሲልና ሲያቃጥል

በርበሬው ሳይበስል ዶሮው ገብቷል ማለት ነው። ለ1 ኪሎ ሽንኩርት 4 ወይም 5 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ጨምራችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል እየተቁላላ ዘይቱ ላይ ላዩን እስኪንሳፈፍ ጠብቁ። ከገባ በኋላ ካስተዋላችሁ ዶሮውን አውጥቶ ቁሌቱን ለብቻው ማብሰል ነው። ወጡ በስሎ ሽታ ካጣ ደግሞ መከለሻው ቀድሞ ገብቶ መዓዛው በኖ ጠፍቷል። መከለሻና ኮረሪማ ድስቱ ሊወርድ ሲል ይነስነስ፣ ይከደን።

ጨው ሲበዛ

ብዙውን ጊዜ ዶሮው የታሸበት ጨው ሳይለቀለቅ ቀርቶ ነው። ድንች መጨመር የሚጠቅመው ወጡን ስለሚያበዛው ብቻ ነው፤ ጨውን ለይቶ አይመጥም። ጨው ያልገባበት ቁሌት ካለ ጨምሩ፤ ከሌለ በማግስቱ ጠዋት ወጡን ፍርፍር አድርጉት፣ እንጀራው ይሸከመዋል።

ዶሮው ዓሣ ዓሣ ሲል

ይህ የጣና ዳር ቤቶች ችግር ነው። በጾም ሰሞን ቆሮሶና አምባዛ የተጠበሰበት ዘይት በጠርሙስ ተቀምጦ ለፍስክ ጥብስ ይወጣል፤ ያ ዘይት ሽታውን ይዞ ይኖራል። ዘይቱን ለዓሣ ብቻ አድርጉት፤ የእንጨት መክተፊያውንም ለዩ፣ እንጨት ሽታ ይይዛል። ዘይቱ አዲስ ሆኖም ደስ የማይል ጠረን ካለ ዶሮው ጭራ ላይ ያለችው ቢጫ ዕጢ አልወጣች ይሆናል፤ ቆርጣችሁ ጣሏት።

ጥብሱ ሲቀቀል፣ ሾርባው ሲደፈርስ

ጥብስ ውሃ የሚያወጣው መጥበሻው ስለሚጨናነቅ ነው። ሥጋውን አድርቁ፣ ዘይቱ ይጋል፣ በሁለት ዙር ጥበሱ፤ ሽንኩርቱ፣ ቃሪያውና የጥብስ ቅጠሉ ሥጋው ከቀላ በኋላ ይግቡ። ሾርባ ደግሞ በቀዝቃዛ ውሃ ይጣድ፣ አረፋው ይገፈፍ፣ ከዚያ ሳይንፈቀፈቅ ቀስ ብሎ ይብሰል። ለታመመ ሰው የምትሠሩት ከሆነ ከእናት ዶሮ ሥሩት፤ ከሥጋ ዶሮ ያን የመሰለ መረቅ አታገኙም።

እንቁላሉ

አስኳሉ ዙሪያውን ከጠቆረ ቅቅሉ በዝቷል፤ ከፈላ በኋላ 12 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይግባ። ሲላጥ የሚቦጫጨቀው ትኩስ እንቁላል ስለሆነ ነው፤ ለወጥ የሚሆነውን ከሳምንት በፊት ግዙ። ድስት ውስጥ ሳይገባ በስለት ሰንጠቅ ሰንጠቅ ይደረግ፣ ወጡ እንዲሰርገው።

ያደረ ወጥ ሲኮመጥጥ

ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ሙቀት የዶሮ ወጥ በምድጃው ላይ ማደር የለበትም። ትልቅ ድስት መሃሉ ለሰዓታት ለብ እንዳለ ይቆያል፤ የሚያበላሸውም ያ ነው። ከእራት በኋላ ጠፍጠፍ ባሉ ዕቃዎች ከፋፍሉት ወይም ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጡት፣ ከ2 ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ፍሪጅ ይግባ። ሲሞቅ የሚበላውን ያህል ብቻ አውጥታችሁ እስኪንተከተክ አሙቁት፤ ደጋግሞ ማሞቅና ማቀዝቀዝ አይገባም። መብራት ከጠፋ ፍሪጁን አትክፈቱ። ሌሊቱን ሙሉ ጠፍቶ ካደረ፣ ወይም ወጡ ላይ አረፋ ከታየ፣ ወይም ሽታው ከተለወጠ አትቅመሱት፣ ድፉት።